ከሁሉ በፊት የሚሳፈረው ልጅ

የትምህርት ቤት ሚኒባስ ረዳት ናት። ጠዋት በየበሩ እየወረደች የሰው ልጆችን ትረከባለች፤ ታሳፍራለች፤ ቀበቶ ታስራለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በየበራቸው ትመልሳለች። የመጨረሻው ልጅ ገብቶ በሩ ሲዘጋ የመኪናውን ጎን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ «ሳበው!» ስለምትል፣ ልጆቹ «እትዬ ሳበው» የሚል ስም አወጡላት። ስሙ ከልጆቹ ወደ ወላጆቹ፣ ከወላጆቹ ወደ ሹፌሩ ተሻገረ። ዛሬ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ቢኖር ዞር ብላም አታየውም።

ይህ ሥራ የሰውን ጓዳ ያሳያል። ቤተሰብ እንግዳ ፊት ሌላ ነው፤ ጠዋት ጡሩምባ ተነፍቶ የልጁ አንድ እግር ጫማ ሲጠፋ ግን ሀብታሙም ድሃውም አንድ ነው። አንዱ በር ላይ አባት በአንድ እጁ ካልሲ፣ በሌላው የጥርስ ብሩሽ ይዞ ከአራት ዓመት ልጁ ጋር እንደ ጠበቃ ይከራከራል። ቀጥሎ ባለው በር መንትዮች በመስኮት በኩል የሚቀመጠው ማን ነው በሚል ጸጉር ለጸጉር ይያያዛሉ። ከዚያ ፒጃማዋ ላይ ካፖርት የደረበች እናት ትመጣለች፤ ልጇን በአንድ ክንዱ እየጎተተች፣ ዳቦ እያጎረሰችው፣ በዚያው ላይ ትቆጣዋለች።

እትዬ ሳበው ለሁሉም መላ ነበራት።

«ጫማውን ጠዋት አይፈልጉት» ትለዋለች ባለ ካልሲውን አባት። «ማታ ሁለቱንም በሩ ሥር ደርድረው ይተኙ። ደግሞ ‹ካልሲ ታደርጊያለሽ ወይ?› ብለው አይጠይቋት። ልጅ ‹ወይ› ከተባለ መልሱ እምቢ ነው። ‹ቀዩን ወይስ ሰማያዊውን?› ይበሏት። እሱን ስትመርጥ እምቢታዋን ትረሳዋለች።»

ለመንትዮቹ ሲሄዱ አንደኛው፣ ሲመለሱ ሌላኛው በመስኮት በኩል እንዲቀመጡ ፈርዳ፣ ፍርዷን ራሷ ታስፈጽም ነበር። ባለ ፒጃማዋን ደግሞ ጠጋ ብላ፣ «ጠዋት ቁጣ አታብዢበት፤ ልጅ በእንቅልፍ ልቡ ጆሮ የለውም። ሁለት ነገር ብቻ እዘዢው። ሦስተኛውን ቢሰማሽ ከምላሴ ጸጉር ይነቀል» ብላታለች። ምክሩ ይሠራ ነበር። ሁልጊዜ ባይሆንም ይሠራል።

«የአንቺ ቤትማ ወታደር ቤት መሆን አለበት» አለቻት ባለ ፒጃማዋ አንድ ቀን።

«የኔዎቹማ ራሳቸውን ችለዋል» አለች እትዬ ሳበው። «ስወጣ ተኝተው ነው የምተዋቸው። ተነስተው፣ ቁርሳቸውን በልተው፣ በሰዓታቸው ትምህርት ቤት ይገባሉ። ማን ቀሰቀሳቸው? ማንም።»

ይህን ስትል አንገቷ ቀና ይል ነበር። እውነት ነው ብላ ስለምታምን አልዋሸችም።

ሁለት ልጆች አሏት። ትልቋ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ትንሹ፣ ማሙሽ የሚሉት፣ ሰባት ሞልቶታል። ባሏ ግንበኛ ነው፤ ሥራው ካለበት ከተማ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሲመጣም አንድ ቀን ይተኛል፣ አንድ ቀን የተሰበረ ይጠግናል፣ ሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ያነሳል። ስለዚህ እሷ ጨለማው ሳይገፈፍ ስትወጣ ቤቱ በትልቋ እጅ ነው። ማታ ማታ፣ የልጅቷን ብርድ ልብስ እያስተካከለች፣ «እናቴ፣ ማሙሽን አደራ» ትላታለች። «እሺ» ትላለች ልጅቷ። ለነገሩ ልጅቷ ከ«እሺ» ሌላ ቃል ያላት አትመስልም ነበር። ለደከመ ሰው ደግሞ እሺ የሚል ልጅ ጸጋ ነው፤ ለምን እሺ እንደሚል ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጠዋት ልጆቹን አድርሳ ከሰዓት እስኪደርስ ቤቷ አትመለስም። ጋራዥ ውስጥ መኪናውን ታጥባለች፤ ከየወንበሩ ሥር የብስኩት ፍርፋሪ፣ የተረሳ ጓንት፣ አንዳንዴም የወለቀ ጥርስ ትለቅማለች። አንድ ቀን ግን ገና ልጆቹን አውርደው ሲመለሱ የመኪናው ፍሪሲዮን እምቢ አለ። መካኒኩ ሥሩ ገብቶ ከወጣ በኋላ ራሱን ነቀነቀ። ሹፌሩ፣ ጋሼ የምትላቸው ሽማግሌ፣ ቆባቸውን ገፋ አድርገው፣ «ከሰዓት በሌላ መኪና እንሠራለን። አንቺ ቤትሽ ሂጂና ጎንሽን አሳርፊ» አሏት።

ቀን ቤቷ ከገባች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ አታውቅም። መንገዱን ሁሉ ስለ አልጋዋ ብቻ እያሰበች ሄደች። ባዶ ቤት፣ የተዘጋ መጋረጃ፣ ማንም «እማዬ» የማይላት አንድ ሰዓት።

በሩ ላይ ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሏል። ቁልፏን አውጥታ ስትከፍት ከውስጥ ድምፅ ሰማች፤ ቴሌቪዥኑን ረስተውት ወጥተዋል ብላ ቆጣ አለች። ገባች። ማሙሽ ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ተቀምጧል። ከላይ የትምህርት ቤት ሹራብ፣ ከታች የሌሊት ሱሪ ለብሷል። ፊቱ በራ።

«እማዬ! ዛሬ ቶሎ መጣሽ!»

«አንተ… እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ካርቱን አያለሁ።»

«ትምህርት ቤትስ?»

«አልነቃሁማ» አላት፣ ዝናብ ዘነበ እንደማለት።

«አመመህ?»

«አላመመኝም። መንቃት ሲያቅተኝ እኮ እሷ ቆልፋብኝ ትሄዳለች። በምሳ ሰዓት ትመጣለች። ድምፁን ከፍ አታድርግ ብላኛለች፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።» ከዚያ ያወራው እንደማይወራ ትዝ አለውና አፉን በእጁ ያዘ።

እትዬ ሳበው ዓይኗን ወደ ማብሰያው ላከች፤ አንድ እናት ከሁሉ በፊት የሚታያት እሳት ነው። የጋዙ ሲሊንደር መዝጊያ በጨርቅ ተጠቅልሎ በገመድ ተጠፍሯል፤ ትንሽ እጅ የማይፈታው ቋጠሮ ነው። ቢላዎቹ ከመሳቢያው ወጥተው ቁም ሳጥኑ ራስ ላይ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ በሳህን ተከድኗል፤ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቷል፤ መስታወት ብርጭቆ ግን የለም። እሷ ራሷ ብትሆን ይህን ሁሉ አታስብም ነበር።

አልተኛችም። ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

በምሳ ሰዓት የሩጫ ኮቴ ተሰማ። ልጅቷ በሩ ክፍት መሆኑን ስታይ ፊቷ አመድ መስሎ ዘላ ገባች፤ እናቷን አየችና ባለችበት ደረቀች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች እናት።

ልጅቷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«እሳት ቢነሳስ? ቢወድቅስ? ማን ይከፍትለታል? አንቺ እኮ ትልቅ ሰው ነሽ!» ድምፁ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ግድግዳው እስኪነቃነቅ ጮኸች። ማሙሽ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባ። ከዚያ ጩኸቱ አለቀባት፤ ድካም ብቻ ቀረ። «ለምን አልነገርሽኝም እናቴ?» አለች ቀስ ብላ።

«እናቴ አትበይኝ!» አለች ልጅቷ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያች ልጅ ወጥቶ አያውቅም።

«የማንም እናት አይደለሁም። እቀሰቅሰዋለሁ፣ ይተኛል። አነሳዋለሁ፣ ተመልሶ ይወድቃል። ፊቱን አጥበዋለሁ፣ ይነክሰኛል። ይሄው!» ክንዷን ገለጠች። «እሱን ሳለብስ ረፍዶብኝ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ውጭ ቆሜ ነው የማሳልፈው። መምህሩ እንደገና ካረፈደች ወላጅ ታምጣ አለ። ወላጅ ከየት ላምጣ? አንቺ የሰው ልጅ ታደርሻለሽ። ከዚያ… ወይ ሁለታችንም እናረፍድ፣ ወይ እኔ ልሂድ። ሄድኩ።»

«ብትነግሪኝ እኮ…»

«መቼ ልንገርሽ? ስትመጪ ዓይንሽ ተከድኖ ነው!»

እናት ምሳ አቀረበችላት፤ ልጅቷ ቆማ ሁለት ጉርሻ በላችና እንዳይረፍድባት ሮጣ ወጣች። ያን ቀን ከሰዓት እትዬ ሳበው ማሙሽን ለጎረቤት ትታ ሥራ ገባች፤ ልጆቹን በየበራቸው መለሰች። ባለ ካልሲው አባት ደስ ብሎት፣ «የቀዩና የሰማያዊው ነገር እኮ ሠራ! አሁን ደግሞ አትክልት አልበላም ትላለች፤ ምን ይሻላል?» አላት።

«እኔ ምን አውቄ» አለችው። ሰውየው የቀለደች መስሎት ሳቀ።

ባሏ ጋ ደወለች። ነገሩን ሰምቶ፣ «ጠበቅ አላደረግሽውም። አንዴ በደንብ ብትቀጪው…» አለ።

«በስልክ አባት መሆን ቀላል ነው» አለችው።

«እኔስ ወድጄ ነው የራቅሁት?» አለ። የእሱም ድምፅ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። በደከመ ሰው ላይ መቆጣት ደግሞ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ጎረቤቷ በበኩሏ ቀዝቃዛ ውሃ ድፊበት ብላ መከረቻት። ሌላዋ ቴሌቪዥኑን ሽጪው አለች። ምክር ሰጪ እንደሆነ ሞልቷል፤ እሷም ከነሱ አንዷ ነበረች።

በመጨረሻ ራሱን ልጁን ጠየቀችው። ገላውን እያጠበችው ነበር፤ ልጅ ዓይን ለዓይን ካላዩት ይናገራል።

«ጠዋት ለምንድነው የማትነሳው?»

«እንቅልፌ ስለማያልቅ።»

«ለምን አያልቅም? በጊዜ ተኛ እያልኩህ።»

«አንቺ ስትጨርሺ ነዋ የምተኛው» አላት። «ታበስያለሽ፣ ልብስ ታጥቢያለሽ፣ ትተኩሻለሽ። ስትጨርሺ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። እሱን እጠብቃለሁ።»

እውነቱን ነው። ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ድስት ትጥዳለች፤ ልጁ እግሯ ሥር ሲልከሰከስ «ሂድ ተኛ» እያለች ታልፈዋለች፤ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ እሷም ሙት ሆና፣ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ልጁ ለዚያች ቅንጣት ጊዜ ሲል እንቅልፉን ይገፋል። ዋጋውን የምትከፍለው ደግሞ ጠዋት እህቱ ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓቱን ገለበጠችው። ገብታ ጫማዋን አውልቃ መጀመሪያ ትቀመጣለች። ድስቱ ይጠብቃል። ማሙሽ ጭኗ ላይ ይወጣል፤ ስለ ካርቱኑ፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለ አንድ ጓደኛው እንቁራሪት ያወራል፤ እሷ ግማሹን ትሰማለች፣ ግማሹን ታንቀላፋለች፤ እሱ ግድ የለውም። ከዚያ ይበላል፣ ይተኛል። ቤቱ ተዝረከረከ። የሚተኮሰው ልብስ ወንበሩ ላይ ተራራ ሆነ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል እንዲሉ፣ ልጁ የለመደውን በሦስት ቀን አልተወም፤ ግን ዓይኑ ቀደም ብሎ መክበድ ጀመረ።

የጠዋቱ ችግር ግን አሁንም አልተፈታም። ልጅቷ ላይ መልሳ ላትጥለው ምላለች። ጋሼን አማከረቻቸው። «ማሙሽን ይዤው ልውጣ፣ ከኛ ጋር ይሳፈር። ትምህርት ቤቱ መንገዳችን ላይ ነው፤ እግረ መንገዳችንን እናወርደዋለን።»

ሽማግሌው ሳቁ። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ! ባለ መኪናዋ ብታየንስ?»

«ልጠይቃታለኋ።»

«ፈቃድ የጠየቀ እኮ ነው እምቢ የሚባል፤ ዝም ብለሽ አሳፍሪው። እኔ አላየሁም።»

«አይ ጋሼ፣ ቤቴ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ይበቃኛል።»

ባለ መኪናዋ መጀመሪያ እምቢ አለች፤ ኢንሹራንሱን አነሳች፣ ወላጅ ያጉረመርማል አለች። እትዬ ሳበው አልለመነችም። «እንግዲያው የጠዋቱን ሥራ ለሌላ ሰው ይስጡት። ከሰዓቱን ብቻ ልሥራ» አለች፤ የምሯን ነበር። እንደ እሷ ማልዳ የምትነሳ ረዳት በቀላሉ አይገኝም። ሴትየዋ ጥቂት አሰበችና፣ ከኋላ ባዶ ወንበር ስላለ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ፈቀደች።

የመጀመሪያው ሳምንት ለጠላት አይስጠው የሚባል ነበር። ማሙሽን ማታ ካልሲውን አድርጎ፣ ሹራቡን ለብሶ እንዲተኛ ታደርገዋለች፤ ጠዋት አትቀሰቅሰውም፣ እንደ ከረጢት ትከሻዋ ላይ ትጭነዋለች። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሲተኛ ድንጋይ ነው፤ ወገቧ ተንቋቋ። የኋላ ወንበር ላይ ታጋድመዋለች፣ ቀበቶ ታስርለታለች፣ መኪናው ይነሳል። በሦስተኛው ቀን ከእንቅልፉ ባንኖ የአንዱ መንትያ ቦርሳ ላይ አስታወከ። የመንትዮቹ እናት፣ «ይህ የልጆቻችን መኪና ነው ወይስ የቤተሰብሽ?» አለች። እትዬ ሳበው ቦርሳውን ወስዳ አጠበችው፤ መልስ አልመለሰችም፤ ሴትየዋ ልክ ነበረች።

ባለ ካልሲው አባት ግን ልጁን በመስኮት አየው፤ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል፣ ጸጉሩ ጎፍሯል፣ ጫማው ግራና ቀኝ ተቀያይሯል።

«የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ያንቺ? ይህ?» የሰውየው ፊት በደስታ ፈካ፤ ደስታውን ሊደብቅ ቢሞክርም አልቻለም። «እኔ እኮ የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር!»

ባለ ፒጃማዋም ሰማች። በማግስቱ ልጇን ስታስረክብ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ትናንት መታሁት» አለች፤ «ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።» ከዚህ በፊት እንዲህ ብላ አታውቅም። እትዬ ሳበውም እንደ በፊቱ አልመከረችም፤ «ሂጂና ሻይሽን ጠጪ። ልጁ ከኔ ጋር ነው» ብቻ አለቻት። ወላጆች ምክር መጠየቃቸውን አልተዉም፤ እሷም መስጠቷን አልተወችም። ግን «የኔዎቹማ» የምትለው ቃል ከአፏ ጠፋ።

ሳምንታት አለፉ። ማሙሽ ሦስተኛው በር ላይ መንቃት ጀመረ፤ ከዚያ ሁለተኛው በር ላይ። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሲወርድ ገና ማለዳ ስለሆነ ጥበቃው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ይበላል። አንዳንድ ቀን በእግሩ ሄዶ መኪናው ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ቀን ደግሞ እንደ ድሮው ድንጋይ ነው፤ ትሸከመዋለች።

ልጅቷስ? ከመኪናው ጣጣ ሁሉ እሷ ትከብድ ነበር። እናት ይቅርታ ጠየቀቻት፤ «እሺ» አለች፣ ያንኑ የዱሮውን እሺ። መምህሩ ጋ አብራት ሄዳ ማርፈዱ የማን ጥፋት እንደሆነ ነገረችው፤ ልጅቷ ሲመለሱ ጥቂት እርምጃ ቀድማት ሄደች። ጠዋት እንደልቧ እንድትተኛ ብትነግራትም ያንኑ ሰዓት ጠብቃ ትነቃ ነበር፤ ነቅታ፣ የሚቀሰቀስ ሰው በሌለበት ቤት ጣሪያ እያየች ትተኛለች። ይህን ለእናቷ የነገረቻት ብዙ ቆይታ ነው፤ ስትነግራትም ቅሬታ አልነበራትም፤ ግራ እንደገባት ነበር።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ ውጤቷ እምብዛም ጥሩ አልነበረም፤ ግን አለፈች። ዕረፍቱን አክስቴ ዘንድ ላሳልፍ ብላ ጠየቀች። በሕይወቷ የጠየቀችው የመጀመሪያ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ‹ማን ያግዘኛል› የሚለው የእናት አፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ሻንጣዋን አስራ ላከቻት።

ያን ጊዜ ነው ቤቱ የልጅቷን ልክ የነገራት። ቆሻሻ የምታወጣው እሷ ነበረች። የማሙሽን ጥፍር የምትቆርጠው፣ አምፖል ሲቃጠል የምትቀይረው፣ ባልዲ ሲጎድል የምትሞላው፣ ከእራት በኋላ ሳህን የምታጥበው እሷ ናት። እትዬ ሳበው እነዚህ ነገሮች በራሳቸው የሚሆኑ ይመስላት ነበር። አንድ ምሽት ማሙሽን ወንበር ላይ አስቁማ አምፖል ስታስይዘው፣ «እሷ ብቻዋን ነበር እኮ የምትቀይረው» አላት። «አውቃለሁ» አለች፤ አታውቅም ነበር።

ልጅቷ ዕረፍቱ ሲያልቅ ተመለሰች። ጠቁራለች፣ ጉንጯ ሞልቷል፤ ስትስቅ ድምፅ ታወጣለች፤ አክስቷ ቤት የሰማችውን ቀልድ ለማሙሽ እያወራች ሁለቱም ሆዳቸውን ያዙ። እራት ተበላ። ሳህኑና ድስቱ መታጠቢያው ውስጥ ተከመረ። እናት ከወንበሯ ሳትነሳ ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ ክምሩ አጠገብ ደርሳ ቆም አለች፤ አየችው፤ ከዚያ በብርጭቆዋ ውሃ ቀድታ ጠጣች፣ ብርጭቆውን ክምሩ ላይ አስቀመጠችና «ደህና እደሩ» ብላ አልጋዋ ውስጥ ገባች።

እናት ወገቧን ይዛ ተነሳች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ከብርጭቆው ጀምራ ማጠብ ያዘች።